ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ

አባቶቻችን «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል» ይላሉ። ይህን ተረት በልጅነታችን ስንሰማ ምክሩ ለሰው መሆኑን ማንም ሳያስረዳን ገብቶናል። ዛሬ ግን በሁለት በኩል ልንወስደው እንፈልጋለን። በአንድ በኩል በየጓዳችን ስለሚቀመጠው ስለ እውነተኛው ጨው እንናገራለን። በሌላ በኩል ደግሞ በሕዝብ ገንዘብ ስለምንማረውና ነገ በሕዝብ ገንዘብ ልንመራመር ስለምናስበው ስለ እኛው ስለ ተማሪዎች እንናገራለን። ሁለቱም ጣዕማቸውን ካጡ መጨረሻቸው አንድ ነውና።

ባለፈው ክረምት ከጌዴኦና ከአካባቢው የመጣን ጥቂት ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየቤታችን ተመልሰን ሳለ በአንድ የገበያ ቀን ዲላ ላይ ተገናኘን። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለ ነበር ገበያው ጭቃ በጭቃ ነበር። ጨው በሚሸጥበት በኩል ስናልፍ አፉ የተከፈተ ጆንያ አየን፤ ጨው ርጥበት ጠጥቶ ወደ ግራጫ ተለውጧል። አንዲት እናት በጣሳ እየሰፈሩ ይሸጣሉ። ከመካከላችን ሕክምና የሚማረው ጓደኛችን ጠጋ ብሎ «እማማ፣ ይህ ጨው አዮዲን አለው?» ሲል ጠየቀ። እናቲቱ ከእግር እስከ ራሳችን ተመለከቱንና «ልጆቼ፣ ጨው ያው ጨው ነው። ስንት ጣሳ ልስፈርላችሁ?» አሉን።

ሁላችንም ሳቅን። ነገር ግን ጥቂት እንደ ተራመድን ሳቃችን በአፋችን ላይ ደረቀ። ከፊታችን አንዲት ባልቴት ቅቤ በቅጠል ጠቅልለው ተቀምጠዋል፤ በነጠላቸው ጫፍ የሸፈኑት አንገታቸው ግን አልሸፈን ብሎ ይታያል። እንቅርት ነው። እንዲህ ያለ አንገት ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስላየነው እንደ ሽበት ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ይመስለን ነበር። ያን ቀን ግን ሻጭዋ እናት ለጥያቄያችን መልስ ያጡት በእሳቸው ጥፋት እንዳልሆነ ተረዳን። መልሱን ልንነግራቸው የሚገባን እኛ ነበርን፤ ለዚሁ ነው የምንማረው።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። የሰው ሰውነት በሚዛን የሚኖር ነገር ነው። ፈረንሳዊው ክሎድ በርናር በ19ኛው መቶ ዓመት የውጭው ዓለም ቢሞቅም ቢበርድም የሰውነት ውስጣዊ ሁኔታ ሳይናወጥ መቆየቱ ለሕይወት መሠረት መሆኑን አስተማረ። ከእሱ በኋላ አሜሪካዊው ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1926 ለዚህ ሚዛን ሆሚዮስታሲስ የሚል ስም አወጣለት። ሙቀታችን፣ በደማችን ውስጥ ያለው ስኳር፣ ውኃውና ጨዉ ሁሉ በየደቂቃው ይለካሉ፤ የጎደለው ይሞላል፣ የተረፈው ይወጣል። ሚዛኑን የሚይዝ ነጋዴ ሳናይ ውስጣችን ቀንና ሌሊት ገበያ ላይ ነው ማለት ነው።

ከነዚህ ሚዛኖች አንዱ በአንገታችን ፊት ለፊት ያለው የታይሮይድ ዕጢ የሚጠብቀው ነው። ይህ ዕጢ የሚሠራቸው ሆርሞኖች ሰውነት ምግብን ወደ ኀይል የሚለውጥበትን ፍጥነት ይወስናሉ፤ የፅንስንና የሕፃንን አእምሮም ያንጻሉ። ሆርሞኖቹ የሚሠሩት ከአዮዲን ነው። በደም ውስጥ ያለው ሆርሞን ሲያንስ በአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትባለው ዕጢ «ጨምረህ ሥራ» የሚል መልእክት ለታይሮይድ ትልካለች፤ ሲበዛ ደግሞ መልእክቷን ትቀንሳለች። አዮዲን በሌለበት አገር ግን ትእዛዙ ይመጣል፣ ሥራው የለም። ባለቤቱ ድርና ማግ ሳይሰጥ ሸማኔውን «ፍጠን፣ ፍጠን» እያለ እንደሚጮኽበት ያለ ነው። ምስኪኑ ዕጢ ያለችውን ጥቂት አዮዲን ለመልቀም ሲል ያብጣል፣ ይሰፋል። እንቅርት የምንለው ይኸው ነው። የባልቴቲቱ አንገት ሰውነታቸው የጠፋበትን ሚዛን ለመመለስ ስንት ዓመት እንደ ታገለ የሚመሰክር ነው።

የነገሩ ክፋት በአንገት ላይ ቢቀር ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍን ነበር። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን ሲጎድልባት ፅንሱ ሊወርድ፣ ሕፃኑ ሞቶ ሊወለድ፣ ቢወለድም አእምሮው ሳይበስል ሊቀር ይችላል። መከላከል ከሚቻሉት የአእምሮ ጉዳቶች መካከል በዓለም ላይ ዋነኛው ምክንያት የአዮዲን እጥረት መሆኑን የዓለም የጤና ድርጅት ደጋግሞ ገልጧል። ከባዱ ጉዳት ለዓይን ይታያል፤ ቀላሉ ግን አይታይም። አንድ ልጅ በክፍል ውስጥ ነገር ሲዘገይበት መምህሩ «ሰነፍ» ይለዋል፣ አባቱ ይቆጣዋል፣ ጓደኞቹ ይስቁበታል። ከስንፍናው በፊት የጎደለው ነገር እንዳለ የሚያውቅለት ግን የለም። ስንቱ የመንደራችን ልጅ እንዲህ ተፈርዶበት ከትምህርት ቤት ቀርቶ ይሆን?

የሚያስፈልገው መጠን ደግሞ የሚያስቅ ነው። ለአንድ ዐዋቂ ሰው የቀን ድርሻው 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮግራም ነው። ማይክሮግራም ማለት የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ነው። አንድ ሰው 70 ዓመት ቢኖር በዕድሜው ሁሉ የሚያስፈልገው አዮዲን ቢደመር 4 ግራም አይሞላም፤ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በዚህች ማንኪያ ጉድለት የሰው ልጅ አእምሮ ይሰናከላል ሲባል የሚሰማ ሰው እንዴት ዝም ብሎ ይተኛል?

ለመሆኑ ይህ ነገር ጌዴኦን በተለይ ለምን ያሳስበዋል? ዝናብ በሚያጥበው ደጋና ተዳፋት መሬት ላይ አዮዲን ከአፈሩ እየታጠበ እንደሚሄድ፣ በዚያ አፈር የበቀለውም እህል አዮዲን እንደሚያንሰው በብዙ አገር ታይቷል። የእኛ አገር ከዲላ ተነሥቶ ወደ ቡሌ ሽቅብ የሚወጣ፣ ዝናብ የማይለየው ተራራ ነው። ባሕር ሩቅ ነው፤ የባሕር ዓሣ በማዕዳችን ላይ አናውቅም። የምንበላው ቆጮ ነው፤ ከእሱ ጋር ጎመን ነው። የጎመን ወገን የሆኑ አትክልቶች ደግሞ ታይሮይድ አዮዲንን እንዳይጠቀም የሚያውኩ ነገሮች አሉባቸው፤ መቀቀል ይቀንሳቸዋል፤ አዮዲን በበቂ ለሚያገኝ ሰውም የሚያሰጋ ነገር የለውም፤ አዮዲን በጎደለበት ግን ሸክሙን ያከብዱታል። ከዚህም በላይ ዕጢው ሆርሞኑን ለመሥራት ብረት ያስፈልገዋል፤ የተሠራው ሆርሞን በሰውነት ውስጥ ወደ ሥራ እንዲገባም ሴሌኒየም የሚባል ማዕድን ያስፈልጋል። ሚዛኑ አንድ ጣት ብቻ የሚነካው አይደለም።

የእንሰትና የቡና፣ የትልልቅ ዛፎችም ጥምር የሆነው የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ተጽፏል። ደስ ብሎናል፣ ኮርተናልም። አባቶቻችን በዚያ ተዳፋት ላይ የአፈርንና የዛፍን ሚዛን ስንት ዘመን እንደ ጠበቁ ዓለም መሰከረላቸው ማለት ነው። ታዲያ የመሬቱ ሚዛን ቅርስ ከሆነ በመሬቱ ላይ የሚኖረው ሰው የሰውነቱ ሚዛን ምን ይባል?

አሁን ወደ ገንዘቡ ነገር እንምጣ። አገራችን ይህን ችግር የማታውቀው ሆና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ተቋቁሞ ነበር፤ ያም አድጎ የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ፤ ዛሬ ሥራው በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ ይገኛል። የዚያ ቤት ባለሙያዎች ከዩኒቨርሲቲ መምህራን ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2005 ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆችን አንገት በየክልሉ እየዞሩ መረመሩ። ከመቶው ልጅ 40 ያህሉ እንቅርት ነበረበት። ጌዴኦ በዚያን ጊዜ የሚገኝበት የደቡብ ክልል ከፍተኛ ቁጥር ከታየባቸው ውስጥ ነበር።

ምክንያቱም ግልጽ ነበር። ቀድሞ ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ የነበረው ጨው አዮዲን የተጨመረበት ነበር፤ ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ ግን በዚያ መንገድ መምጣቱ ቀረና አገሪቱ በአፋሩ በአፍዴራ ጨው ላይ ተደገፈች፤ በእሱ ላይ ደግሞ አዮዲን የሚጨምርበት አልነበረም። ባላገሩ የጨዉ ቀለምም ጣዕምም ስላልተለወጠ ምንም አላወቀም። ድንበር ሲዘጋ በጌዴኦ ተራራ ላይ ያለች ነፍሰ ጡር የሆርሞን ሚዛኗ ይናጋል ብሎ ማን ያስባል? ጥናት ያስፈለገው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ15ቱ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት፣ በ2003 ዓ.ም.፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሰው ምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝ ደንብ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲቆጠር ከመቶው ቤት 89 ደረሰ። የካናዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ከአገራችን ሰዎች ጋር ሆነው ጨዉ በአማራ ክልል ሲዳረስ ቀድመው ያገኙትን ወረዳዎች ዘግይተው ካገኙት ጋር አወዳደሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳተሙት ጨዉን ቀድመው ባገኙት ወረዳዎች ያሉ ሕፃናት በአእምሮ እድገት መለኪያ በልጠው ተገኙ።

ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ የሚገባውን ምስጋና አንነፍገውም። ነገር ግን ሁለት ጥያቄ እናነሣለን።

አንደኛው ይህ ነው። 89 ቤት አዮዲን አለው ማለት 89 ቤት በቂ አዮዲን አለው ማለት ነው ወይ? አይደለም። በጨው ላይ የምትንጠባጠበው መመርመሪያ ወደ ሰማያዊ ስትለወጥ «አለ» ብላ ትመሰክራለች እንጂ «ይበቃል» አትልም። አዮዲን ደግሞ በፀሐይ፣ በርጥበትና በሙቀት ይሸሻል። ከፋብሪካ በሚገባው መጠን የወጣ ጨው በጭነት መኪና ተጭኖ፣ በመጋዘን ከርሞ፣ በክረምት ገበያ አፉ ተከፍቶ ከዋለ በኋላ ይርጋጨፌ ወይም ገደብ ላይ ወደ ወጥ ሲገባ ምን ያህል ይቀርለታል? አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ይህን የሚያውቅ የለም። እዚያው ተለክቶ ነው የሚታወቀው።

ሁለተኛው ይከብዳል። እነዚህን ቁጥሮች ያወቅነው በማን ገንዘብ ነው? የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ በብዙ አገር የሚካሄደው በአብዛኛው በአሜሪካ መንግሥት የርዳታ ድርጅት ገንዘብ ነበር። ያን ገንዘብ የሚከፍለው የአሜሪካ ግብር ከፋይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ መንግሥት ድርጅቱን ዘጋው፤ የጥናቱም ፕሮግራም በሥራ መካከል «አቁም» ተባለ። ልብ በሉ፤ የዚያን ሕዝብ ገንዘብ የዚያ ሕዝብ መንግሥት በፈለገው ላይ ማዋል መብቱ ነው። የሚያሳፍረው የእኛ ነገር ነው። በእናቶቻችን ጓዳ ያለው ጨው ምን እንደሚመስል ለማወቅ ስድሳ ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ የስዊድንን፣ አንድ ጊዜ የካናዳን፣ አንድ ጊዜ የአሜሪካን ሕዝብ ኪስ ስንጠብቅ ኖረናል። የራሱን ሰውነት ሚዛን በጎረቤቱ ሚዛን የሚያስለካ ሰው ጎረቤቱ በሩን የዘጋ ቀን ምን ይሆናል?

እዚህ ላይ የሚመጣውን መልስ አስቀድመን እናውቀዋለን። «አገር በችግር ላይ ሳለ፣ ሐኪም ቤት መድኃኒት ሲያጥረው፣ ምርምር ቅንጦት ነው» ይባላል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆኖብን ሳለ ስለ ማይክሮግራም ታወራላችሁን?» የሚለንም አይጠፋም። ይህን የሚሉን ብዙዎቹ ከልባቸው አዝነው የሚናገሩ ስለሆኑ በአክብሮት እንመልስላቸው።

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሎ በየትምህርት ቤቱና በየመጠለያው ሲጨናነቅ ያየን አለን። በእንዲህ ያለ ቦታ ቶሎ የሚገድለው ተቅማጥ ነው፤ የሚገድለውም የሰውነት የውኃና የጨው ሚዛን ስለሚፈርስ ነው። ሕፃኑን የሚያተርፈው በንጹሕ ውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት ነው። ይህ ዱቄት ከሰማይ አልወረደም። ስኳር በአንጀት ውስጥ ጨውንና ውኃን አብሮ ይዞ እንደሚገባ የተረጋገጠው በብዙ ዓመት የቤተ ሙከራ ምርመራ ነው፤ በሕሙማን ላይ የተፈተነው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዳካና በካልካታ በሕዝብ ገንዘብ በቆሙ የኮሌራ ምርምር ቤቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የባንግላዴሽ ስደተኞች በሕንድ ድንበር በኮሌራ ሲረግፉ ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ በመርፌ የሚሰጥ ፈሳሽ ቢያልቅበት ይህን ውኃ በበርሜል አስበጥብጦ አጠጣቸው፤ ከመቶው ሠላሳ ያህል ይሞት የነበረው ወደ አራት ወረደ። እንግዲህ ለተፈናቃይ የደረሰለት ያ ቅንጦት የተባለው ምርምር ነው። አዮዲኑም እንዲሁ ነው፤ በጨው ላይ ለመጨመር ለአንድ ሰው በዓመት የሚያስፈልገው ጥቂት የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ውዱ ነገር ሳይለኩ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው።

ሌላውም ተቃዋሚ አለ። እሱ ደግሞ «ይህ ሁሉ ፈረንጅ ጨርሶታል፤ ስዊዘርላንድ አዮዲን ያለውን ጨው የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው፤ እኛ ምን እንጨምራለን?» ይላል። እውነት ነው፤ የሰውነት ሕግ በሁሉ አገር አንድ ነው። አፈሩ፣ ማዕዱና ገበያው ግን አንድ አይደለም። አፍሪካዊቷ ዚምባብዌ ጨዋን በአዮዲን ባበለጸገች ጊዜ እንቅርቱ ሊቀንስ ሲጀምር በሌላ በኩል ዕጢያቸው ከመጠን በላይ የሚሠራ ሕሙማን በረከቱ። ለብዙ ዘመን የተራበ ዕጢ በድንገት ሲጠግብ እንዲህ ይሆናል። ይህ ማለት ጨዉ ይቅር ማለት አይደለም፤ ሚዛን ሁለት ወገን አለው ማለት ነው። በዚህ ላይ ጨው ራሱ ሲበዛ የደም ግፊትን ያስነሣል፤ የዓለም የጤና ድርጅት ለዐዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን ይላል። ሕዝቡን «ጨው ቀንስ» ስንለው አዮዲኑንም አብረን እንዳንቀንስበት በጨው ውስጥ የሚገባውን መጠን እየለካ የሚያስተካክል ሰው ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርግልን ነጋዴ የለም፤ ጨው የማንም የፈጠራ ሀብት ስላልሆነ ከጥናቱ የሚያተርፍ ኩባንያ አይገኝም። ስለዚህ ጥናቱ የሕዝብ ዕዳ ነው፤ ትርፉም የሕዝብ ነው።

ኢትዮጵያዊ ይህን ይችላል ወይ ለሚል ሰው አንድ ስም እንጠራለታለን። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ሊቅ አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አየ፤ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ የቢልሃርዝያን ተውሳክ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈፉ። ልብስ አጣቢዎቹ ዘመን የኖሩበትን ነገር እሱ በሳይንስ ዐይን ተመለከተው፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ1966 የፓቶባዮሎጂ ምርምር ኢንስቲትዩትን አቋቋመ። ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ጥያቄውን ያገኘው በወንዝ ዳር ነበር። የእኛም ጥያቄ በጨው ጆንያ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቀናል።

ታዲያ ምን ይደረግ እንላለን? ያለ አሳብ የሚተች እንዳንባል የምንለውን በአጭሩ እናስቀምጥ።

አንደኛ፣ በጌዴኦ ዞን ቋሚ መለኪያ ይኑር። ዲላ ላይ የሕክምና ትምህርትና ሪፈራል ሆስፒታል ያለው ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በ1988 ዓ.ም. የመምህራንና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ ተነሥቶ እስከዚህ ደርሷል። ከኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩቱ ጋር ሆኖ በየዓመቱ ከቆላው፣ ከወይና ደጋውና ከደጋው ጥቂት ጥቂት ነፍሰ ጡሮችንና የትምህርት ቤት ልጆችን ቢመረምር፣ የሽንታቸውን አዮዲንና የጓዳቸውን ጨው ቢለካ የሚዛኑ አካሄድ ይታወቃል። አንድ ጊዜ የሚደረግ ጥናት ፎቶግራፍ ነው፤ በየዓመቱ የሚደረግ ግን ጠባቂ ነው።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ከራሳችን ይሁን። የይርጋጨፌን ቡና ለቅሞና አጥቦ ለአገር የውጭ ገንዘብ የሚያስገባው የጌዴኦ ገበሬ ነው። ግብሩን ይከፍላል። ከዚህ ውስጥ የልጁን አእምሮ ለመጠበቅ ጥቂት ይመደብለት ማለት ልመና አይደለም። የሌላው አገር ሰው ሊረዳን ቢወድ እሰየው፤ ነገር ግን ርዳታው ሲቋረጥ ሥራው አይቋረጥ።

ሦስተኛ፣ ውጤቱ ወደ ከፋዩ ይመለስ። በእንግሊዝኛ ተጽፎ በእንግሊዝኛ የሚታተም ነገር ጨው ሻጭዋ እናት ዘንድ እንዴት ይደርሳል? በጌዴኦኛ ይነገር፤ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ፣ ሽማግሌዎች በሚቀመጡበት በሶንጎ ይነገር። የሚነገረውም ረጅም አይደለም። ጨዉን በክዳን ዕቃ አኑሩት፤ ከፀሐይ፣ ከምድጃና ከርጥበት አርቁት፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት። ይህ ብቻ ነው። ይህን ለማለት ስድሳ ዓመት ምን አዘገየን?

አራተኛው ለራሳችን ነው። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ እውነቱን እንነጋገር። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስንመርጥ ምን እናደርጋለን? ቶሎ የሚያልቀውን፣ መጠይቅ በአንድ ሳምንት የሚሰበሰብበትን፣ ባለፈው ዓመት ሌላው የሠራውን ስሙን ለውጠን እንመርጣለን። መምህሩ ይፈርማል፣ እኛም እንመረቃለን፣ ጽሑፉም መደርደሪያ ላይ ይተኛል። በዚያች ወረቀት ላይ የወጣው የሕዝብ ገንዘብ መሆኑን አስበን እናውቃለን? የጨው መመርመሪያ ጠብታ በኪስ የምትያዝ፣ ለማንም ዐይን በቀለም የምትመልስ ነገር ናት። የኬሚስትሪ ተማሪ መጠኑን በትክክል ይለካ፤ የግብርና ተማሪ አፈሩንና ጎመኑን ይመርምር፤ የሕክምና ተማሪ አንገት ይዳስስ፤ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ጨዉ ከአፍዴራ እስከ ገደብ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ይከታተል፤ የቋንቋ ተማሪ ውጤቱን እናት በሚገባት ቃል ይጻፍ። ይህ ሁሉ የአንድ ሥራ ክፍል ነው።

እኛ ያን ቀን ዲላ ላይ የሳቅነው ጥቂት ጓደኞች ተስማምተናል። በመጪው ክረምት ስንመለስ መመርመሪያዋን ይዘን እንሄዳለን፤ በመጀመሪያ የምንሄደውም ወደዚያው ጨው ሻጭ እናት ነው። ጥያቄ ጠይቀን ሳቅን ብለን ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ከጆንያቸውም ቆንጥረን አብረናቸው እንመለከታለን። ጠብታዋ ሰማያዊ ብትሆን መልካም። ሰማያዊ ባትሆን ጨው ያው ጨው እንዳልሆነ እሳቸው ራሳቸው አይተው ለቀሪው ገበያ ይነግራሉ፤ ከእኛ ይልቅ እሳቸው ይሰማሉና። ከየአውራጃው የመጣችሁ እናንተም ወደየገበያችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ያያችሁትንም ለዚህ መጽሔት ጻፉለት። በሕዝብ ገንዘብ የተማረ ሰው ምን ይጠቅማል ተብሎ ሲጠየቅ መልሳችን ይህን ከሚያህል ከትንሽ ነገር ይጀምር።